ከሶል ዘፈን ጀርባ ያለውን የጃዝ ሰው ፈልጎ የማግኛ መንገድ

የጃክሰን ፋይቭን «አይ ዎንት ዩ ባክ» ይክፈቱና የትንሹን የማይክልን ድምፅ ለጊዜው ትተው፣ ከሥሩ እየዘለለ የሚሮጠውን ቤዝ ጊታር ብቻ ይከተሉ። ይህን ቤዝ በ1969 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጫወተው ዊልተን ፌልደር ሲሆን፣ ፌልደር በጃዝ አድማጮች ዘንድ የሚታወቀው ጃዝ ክሩሴደርስ በተባለው የሂዩስተን ልጆች ቡድን ውስጥ በሚነፋው ቴነር ሳክስፎን ነው። የሳክስፎን ነፊ የልጆችን የዳንስ ዘፈን በቤዝ ጊታር ተሸክሞ መገኘቱ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ በዚያ ዘመን በነበረው የስቱዲዮ ሥራ ግን የተለመደ ነበር። እንዲህ ያሉ በጃዝ ሰዎችና በሶል (ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከብሉዝ በወጣው ተወዳጅ ሙዚቃ) መካከል ያሉ ግንኙነቶች በአጋጣሚ ከመሰማት ይልቅ ታስቦባቸው ሊፈለጉ የሚችሉ ናቸው፤ የፍለጋውን መንገድም እንደሚከተለው አስቀምጣለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍለጋው በፊት ምክንያቱን መረዳት ግማሽ መንገድ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአሜሪካ ከተሞች የስቱዲዮ ሰዓት በገንዘብ የሚለካ ነገር ስለነበረ፣ አሳታሚዎች የሚፈልጉት አንድ ወረቀት ላይ የተጻፉ ኮርዶችን (ዜማውን የሚደግፉ፣ በአንድነት የሚመቱ ድምፆችን) አይቶ ወዲያው መጫወት የሚችል፣ ያልተጻፈውንም ከራሱ አፍልቆ የሚሞላ ሰው ነበር፤ ይህ ችሎታ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ሌሊቱን በጃዝ ክበቦች በሚያሳልፉት ሙዚቀኞች እጅ ነው። ክበቦቹ የሚከፍሉት ገንዘብ ቤት የማያስተዳድር ስለነበር፣ እነዚህ ሰዎች ቀን ለሶል ሌሊት ለጃዝ ይሠሩ ነበር። ልባቸው ያለው በሌሊቱ ሥራ ላይ ነው፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን፣ ያውም በስም ሳይሆን በድምፅ ብቻ፣ በቀኑ ሥራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ዘፈኑ የተቀረጸበት ከተማ ነው። ዘፋኙ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ አጃቢዎቹ ግን የዚያች ከተማ ነዋሪዎች በመሆናቸው፣ ከተማዋ ከታወቀች የሚፈለጉት ሰዎች ቁጥር ከመቶዎች ወደ አሥርና ሃያ ይወርዳል። ሞታውን የተባለው የሶል ሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ዘፈን ከሆነና ከ1972 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ጠቅልሎ ከመሄዱ በፊት ማለት ነው፣ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ዲትሮይት ነው፤ ምንም እንኳ የሞታውን ዘፈን የሆነው የፌልደር ምሳሌ እንደሚያሳየው ከዚያ ቀደም ብሎም በሎስ አንጀለስ የተቀረጹ ዘፈኖች ቢኖሩም።

ዲትሮይት ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ ወደ ሶል ከመግባቱ በፊት የጃዝ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ከፍቶ የከሰረ ሰው ነበር። በዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ባለው ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ሲከፍት የሰበሰባቸው አጃቢዎች፣ በኋላ ፈንክ ብራዘርስ የተባሉት፣ አብዛኞቹ ከከተማዋ የጃዝ ክበቦች የመጡ ናቸው። ጄምስ ጄመርሰን በትምህርት ቤት የጀመረው በትልቁ ባለ እንጨት ኮንትራባስ ነው፤ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ቤዝ ሲዞርም ክሩን በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ እየሳበ መጫወቱን ቀጠለ። ፒያኒስቱ ኧርል ቫን ዳይክና ጓደኞቹ ከቀረጻ በኋላ ቺት ቻት ላውንጅ በሚባለው ክበብ የሚወዱትን ይጫወቱ ነበር። ኩባንያው ራሱ ዎርክሾፕ ጃዝ የተባለ ቅርንጫፍ በ1962 አቋቁሞ የአንዳንዶቹን የጃዝ ሥራ አሳትሟል፤ ቅርንጫፉ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። በእኔ አስተያየት የሞታውንን ድምፅ ለመረዳት ከብዙ ታዋቂ ሸክላዎች ይልቅ ይህ የከሸፈ ሙከራ የበለጠ ይናገራል።

የእነዚህ ሰዎች ተንኮል የተሞላበት ሥራ በ1964ቱ የሜሪ ዌልስ «ማይ ጋይ» መግቢያ ላይ ይሰማል። በዚያ ቀረጻ ላይ የነበረው የጃዝ ትሮምቦን ነፊ ጆርጅ ቦሃነን፣ የጃዝ ፒያኒስቱ ኤዲ ሄይዉድ የደረሰው «ካናዲያን ሰንሴት» መክፈቻ ዜማ ከዘፈኑ ኮርዶች ጋር እንደሚገጥም አስተዋለ፤ ድካም የበዛባቸውና ቶሎ ወደ ቤታቸው መሄድ የፈለጉት ሙዚቀኞችም ያንኑ አንስተው መግቢያ አደረጉት። ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ የሚያደምጥ ሰው ግንኙነቱን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያገኘዋል።

ቺካጎን በሚመለከት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1965 የወጣውን የፎንቴላ ባስን «ሬስኪው ሚ» ከበሮ የመታው ሞሪስ ኋይት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ፒያኒስቱ ራምዚ ሉዊስ የጃዝ ትሪዮ (ሦስት ሰዎች ያሉት ቡድን) ገባ፣ ከዚያም ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር የተባለውን ቡድን መሠረተ። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ግን የዘፋኟ ቤት ነው። ባለቤቷ ሌስተር ቦዊ የአርት አንሳምብል ኦቭ ቺካጎ መለከት ነፊ፣ ማለትም በዘመኑ እጅግ ደፋር ከሚባሉት የነጻ ጃዝ ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ እሷም ራሷ በ1970 ፓሪስ ውስጥ ከዚሁ ቡድን ጋር ቀድታለች። ፈላጊው የአጃቢዎችን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የትዳርና የጓደኝነት ዝምድናንም መመልከት ያለበት ለዚህ ነው።

ከተማው ከታወቀ በኋላ ወረቀት ይፈለጋል። የድሮው ሸክላ ሽፋን በዚህ ረገድ ብዙም አይረዳም፤ ሞታውን የአጃቢዎቹን ስም ዘርዝሮ ያወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ጄመርሰን «አቻ የሌለው» ተብሎ ተጠቅሷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሸክላ ትተው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና በሲዲ ከወጡት እትሞች ጋር የሚመጡትን ትንንሽ መጽሔቶች ይመልከቱ፤ አዘጋጆቻቸው ብዙ ጊዜ የስቱዲዮውን መዝገብና በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር የቀረጻ ውል ላይ የሰፈሩትን ስሞች ያካትታሉ። የማኅበሩ ውል ለደመወዝ ሲባል የተሞላ ወረቀት በመሆኑ፣ ለዝና ተብሎ ከሚነገር ወሬ ይልቅ ይታመናል። ሆኖም ከማኅበሩ ውጭ የተከናወኑ ቀረጻዎችም ስለነበሩ የወረቀት አለመኖር የሰውየውን አለመኖር አያረጋግጥም።

ሌላው መንገድ ከተቃራኒው አቅጣጫ መምጣት ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህንን ነው። ከሶል ዘፈኑ ከመነሳት ይልቅ አንድ የሚያውቁትን የጃዝ አጃቢ ይምረጡና የቀረጻ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ይከተሉ። ሮን ካርተርን እንውሰድ። ከ1963 እስከ 1968 በጃዝ መለከት ነፊው በማይልስ ዴቪስ አምስት ሰዎች ያሉት ቡድን ውስጥ ኮንትራባስ የተጫወተው ይህ ሰው፣ የጊነስ መዝገብ በ2015 እንዳሰፈረው በ2,221 ቀረጻዎች ላይ ስሙ ተመዝግቧል። ዝርዝሩን እየተከተሉ ሲሄዱ 1969 ላይ የሮበርታ ፍላክ የመጀመሪያ አልበም ይገኛል። ፍላክ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ ሚስተር ሄንሪስ በሚባል ቤት ፒያኖ እየመታች ስትዘፍን የጃዝ ፒያኒስቱ ሌስ ማካን ሰምቷት ነው ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር ያገናኛት። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ «ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ» ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ስድስት ሳምንት በአንደኝነት ቆየ፤ ሚሊዮኖች በዚያ እርጋታ ውስጥ የሰሙት ቤዝ የካርተር ነበር። በ1973ቱ «ኪሊንግ ሚ ሶፍትሊ» ላይም ካርተር አለ፤ ከበሮው ላይ ደግሞ የጃዝ ሰው ግሬዲ ቴት ተቀምጧል። እነዚሁ ሁለቱ በአሪታ ፍራንክሊን «ሶል 69» አልበም ላይም ከጊታሪስቱ ኬኒ በረልና ከፒያኒስቱ ጆ ዛዊኑል ጋር ይገኛሉ፤ ርዕሱ ሶል ይበል እንጂ የሙዚቀኞቹ ዝርዝር የጃዝ አልበም ዝርዝር ነው።

የአሪታን ስም ካነሳን፣ የ1967ቱ «ሪስፔክት» መካከል ላይ ያለውን የሳክስፎን ድምፅ የነፋው ኪንግ ከርቲስ ከፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ የመጣ ነው። በወጣትነቱ ከጃዝ ሰው ከላዮኔል ሃምፕተን ባንድ ጋር ሠርቷል፤ በ1960 ከኮርኔት ነፊው ናት አደርሊና ከፒያኒስቱ ዊንተን ኬሊ ጋር የጃዝ አልበም ቀድቷል። የ«ሪስፔክት»ን አጭር የሳክስፎን ጨዋታ ከሰሙ በኋላ ያንን አልበም ቢያደምጡ፣ ያው ትንፋሽ ሰፊ ጊዜ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ይታያል።

አንዳንድ ጊዜ ግንኙነቱ ሰው ሳይሆን አንዲት የዜማ ሐረግ ትሆናለች። የጄምስ ብራውን «ኮልድ ስዌት» በ1967 ሲሠራ የነፊዎቹን ክፍል ያቀናበረው አልፍሬድ «ፒ ዊ» ኤሊስ፣ ቀድሞ ከታዋቂው የጃዝ ሳክስፎን ነፊ ከሳኒ ሮሊንስ የተማረ የጃዝ ሳክስፎን ነፊ ነበር፤ ያቺን ሁለት ምት የምትመልስ የነፊዎች ሐረግ ከማይልስ ዴቪስ የ1959 «ሶ ዋት» እንደወሰዳት ራሱ ተናግሯል። ይህን ለመፈተሽ ወረቀት አያስፈልግም፤ በሁለቱም ዘፈኖች ውስጥ ነፊዎቹ እንዴት እንደሚመልሱ ብቻ በተከታታይ ያድምጡ፤ ፍጥነቱና ከበሮው የተለያየ ስለሆነ ግን ምናልባት ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልግ ይሆናል።

ያገኙትን ከማመንዎ በፊት ግን ቢያንስ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች ይፈልጉ። ጆሮ ይሳሳታል፣ ትውስታም ከአርባ ዓመት በኋላ ይደበዝዛል። ለምሳሌ በሎስ አንጀለስ የቤቦፕ (ፈጣንና ውስብስብ የጃዝ ዓይነት) ጊታሪስት ሆና የጀመረችውና በኋላ ከታዋቂ የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋቾች አንዷ የሆነችው ካሮል ኬይ፣ በጄመርሰን ስም ከሚታወቁ የሞታውን ዘፈኖች አንዳንዶቹን የተጫወትኳቸው እኔ ነኝ ብላለች፤ የዲትሮይት ሰዎች ደግሞ ይህን አጥብቀው ይክዳሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ በማስታወሻዎ ላይ ሁለቱንም ወገን ይጻፉና ቀኑን፣ ከተማውንና ወረቀቱን አጠገቡ ያስቀምጡ፤ የሚወዱትን ሰው ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ ፍለጋውን ያበላሻል።

ጆሮዎ ገና ካልለመደ በብዙ መሣሪያ የተሞላ ዘፈን አይምረጡ። የስቲቪ ዎንደር የ1976 አልበም «ሶንግስ ኢን ዘ ኪ ኦቭ ላይፍ» ለዚህ ይመቻል፤ ሙዚቀኞቹ በስም ተዘርዝረዋል፣ «አዝ» ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፣ «አናዘር ስታር» ላይ ጊታሪስቱ ጆርጅ ቤንሰን አሉ። ከሁሉ አስቀድመው ግን «ኢፍ ኢትስ ማጂክ»ን ይክፈቱ። በዘፈኑ ውስጥ ከስቲቪ ድምፅና ከሃርሞኒካው ሌላ የሚሰማው አንድ ሃርፕ ብቻ ነው፤ የበገናችን ሩቅ ዘመድ የሆነውን ይህን መሣሪያ የምትደረድረው የዲትሮይቷ የጃዝ ሰው ዶሮቲ አሽቢ ናት።