«አክቹዋሊ» ስንል ምን እያልን ነው? ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሬዲዮው ተከፍቷል። ጋዜጠኛዋ እንግዳዋን «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» አለችው። ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገና «አክቹዋሊ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው» ብሎ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ወደ ሬዲዮው ዞር ብለው «ታዲያ ማን ሐረር ነው አለህ?» አሉት።

እኚህ ሰው እንግሊዝኛ ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኳቸውም። የቃሏን ትርጉም ግን ከመዝገበ ቃላት በተሻለ አስረድተውኛል። አክቹዋሊ ብቻዋን አትመጣም። ከእሷ በፊት ሌላ ሐሳብ መኖር አለበት፦ አንድ ሰው የተናገረው፣ የተገመተ፣ ወይም ራሳችሁ ስታስቡት የቆያችሁት። እሷ የምትገባው «እንደዚያ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ይሄ ነው» ለማለት ነው። አብዛኛው ስህተታችን ይህን ከመርሳት ይመጣል።

የ«እ…» ምትክ ማድረግ

የከተማ አማርኛችን በእሷ ተሞልቷል። «አክቹሊ እንደሱ ነው»፣ «አክቹሊ እኔ ደስ አላለኝም»። ድሮ «እንትን» እና «ምን መሰለህ» ይሠሩት የነበረውን ሥራ ወርሳለች። አማርኛ ውስጥ ብዙ ጉዳት የላትም፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ችግሩ ልማዱን ይዘን እንግሊዝኛ ውስጥ ስንገባ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባችሁ ምን እንደተማራችሁ ስትጠየቁ «አክቹዋሊ፣ አይ ስተዲድ አካውንቲንግ» ካላችሁ፣ ጠያቂው ሲቪውን መልሶ ሊያይ ይችላል። ሌላ ነገር ተጽፎ ይሆን እንዴ? ዝም ብላችሁ «አይ ስተዲድ አካውንቲንግ» በሉ። ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ ከፈለጋችሁ «ዌል» ትሻላለች። ጠያቂው «ማኔጅመንት ነው አይደል ያጠናኸው?» ካለ ግን ያኔ አክቹዋሊ በቦታዋ ናት።

«በእርግጥ» ብሎ ተርጉሞ መያዝ

ብዙዎቻችን የተማርነው እንደዚህ ነው። ግን «በእርግጥ» አማርኛ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ የሌላውን ሰው ሐሳብ ይቀበላል። «በእርግጥ ቤቱ ውድ ነው፤ ግን ሰፈሩ ጥሩ ነው» ስንል መጀመሪያ እንስማማለን፣ ከዚያ «ግን» እንላለን። ይህን በአክቹዋሊ ከጀመራችሁት ነገሩ ይገለበጣል። ሰሚው ገና ከአፋችሁ ስትወጣ «ሊቃወመኝ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። እዚህ ቦታ እንግሊዝኛው የሚፈልገው «ኦቭ ኮርስ» ወይም «ትሩ» ነው።

የእኛዎቹ ቅርብ ዘመዶቿ እነ «እንዲያውም»፣ «ኧረ»፣ «የምር» ናቸው። ከሁሉም የምትቀርባት ግን «ለካ» ትመስለኛለች። እሷ ደግሞ ቀጥሎ ላለው ጣጣ መንስኤ ናት።

ሙገሳ ውስጥ መክተት

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ውጭ አገር ሳለሁ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ምሳ ጋበዘችኝ። ደክማ የሠራችው ሾርባ ነበር። እኔም አድናቆቴን ጠንከር ላድርገው ብዬ «ዘ ሱፕ ኢዝ አክቹዋሊ ጉድ!» አልኳት። ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ጎደሎ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለካስ ያልኳት «ሾርባሽ እኮ ይጣፍጣል ለካ!» ነው። አክስቴ ቤት በልቼ «ለካ ባለሙያ ነሽ» ብላት ጭልፋውን ትወረውርብኝ ነበር።

ማድነቅ ስትፈልጉ «ሪሊ» በሉ። «ሪሊ ጉድ» በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው፤ አለቀ። «አክቹዋሊ ጉድ» ግን «አይጣፍጥም ብዬ ጠብቄ ነበር» የሚል ነገር ከኋላዋ ታስከትላለች። «ዩ ሉክ አክቹዋሊ ቢዩቲፉል ቱዴይ» ያለ ሰው ትናንት ምን ትመስል ነበር ማለቱ ነው? «አይ አክቹዋሊ ላቭ ዩ» ብሎ ለእጮኛው የጻፈማ «ለካ እወድሻለሁ» እያላት ነው። ተጠራጥሮ ኖሮ ዛሬ ገና ካረጋገጠ ትክክል ነው። ካልሆነ ይሰርዛት።

«በአሁኑ ጊዜ» ማለት ይመስላል

ይሄ በተለይ አውሮፓ ላሉ ወገኖቻችን ነው። የጀርመንኛው «አክቱዌል»፣ የፈረንሳይኛው «አክቱዌልማን»፣ የጣልያንኛው «አቱዋልሜንቴ» ሦስቱም ስለ አሁን ጊዜ ይናገራሉ። መልካቸው ከአክቹዋሊ ጋር አንድ ነው። ምንጩም አንድ ነው፤ ድርጊት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጡ ናቸው። እነዚያ ወደ ጊዜ ሲያዘነብሉ እንግሊዝኛው ወደ እውነታ ሄደ።

ስለዚህ ጀርመን አገር ቋንቋ የተማረ ሰው «አይ አክቹዋሊ ወርክ ኢን ኤ ሆስፒታል» ሲል፣ በልቡ «አሁን የምሠራው ሆስፒታል ነው» እያለ ነው። እንግሊዛዊው የሚሰማው ግን «ሌላ ቦታ የምሠራ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል» የሚል ነው። ለአሁን ጊዜ «ከረንትሊ» አለላችሁ። «ናው»ም ትበቃለች።

ጥያቄ ውስጥ ማስገባት

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ዲድ ዩ ሪድ ማይ ኢሜይል?» ተራ ጥያቄ ነው። «ዲድ ዩ አክቹዋሊ ሪድ ማይ ኢሜይል?» ግን «የምር አንብበኸዋል ወይስ እየዋሸኸኝ ነው?» ነው። ለጓደኛ ሲሆን ቀልድ ነው። ለአለቃ ከተጻፈ ግን የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ፊት ይነሳችኋል።

ሰው ባወራ ቁጥር ማረም

አንድ ሰው ሞቅ አድርጎ ሲያወራ «ዌል፣ አክቹዋሊ…» ብሎ የሚያቋርጥ አይጠፋም። ጨዋታው ስለ ሠርግ ሲሆን እሱ የሚያርመው አዳራሹ ያለበትን ቀበሌ ነው። በእንግሊዝኛው ዓለም ይህ ጠባይ መቀለጃ ሆኗል፤ «ዌል አክቹዋሊ» የሚለው ሐረግ ራሱ የባለ ብዙ ዕውቀቱ መጠሪያ ነው። ኒውዮርክ የሚገኘው ሪከርስ ሴንተር የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ማዕከል እንዲያውም በደንቡ ውስጥ አስገብቶታል። ለጨዋታው ፍሬ ነገር የማይጠቅም ጥቃቅን እርማት እዚያ አይፈቀድም። እኛም ቤት ቢገባ የምጠላው ደንብ አይደለም።

እርማቱ ግድ ከሆነ ቃሏን ከመጀመሪያ አንሡና ወደ መጨረሻ ውሰዷት። «ኢትስ ኦን ፍራይዴይ፣ አክቹዋሊ» ለስለስ ይላል። እንግሊዞች ይህን አቀማመጥ ይወዱታል።

ከግሡ በኋላ ማስቀመጥ

«አይ ላይክ አክቹዋሊ ኮፊ» የሚል እሰማለሁ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ የሌላውን ቃል ቦታ በነፃነት እናዘዋውራለን፤ እንግሊዝኛ ይህን አይወድም። በግሡና በሚወደደው ነገር መሀል አትግቡ። ከተራ ግሥ በፊት ትሁን፦ «አይ አክቹዋሊ ላይክ ኮፊ»። «ኢዝ» እና «አር» ካሉ ከእነሱ በኋላ፦ «ሺ ኢዝ አክቹዋሊ ማይ ሲስተር»። ረዳት ግሥ ካለ በረዳቱና በዋናው ግሥ መሀል፦ «አይ ሃቭ አክቹዋሊ ሲን ኢት»። ዓረፍተ ነገር ስትጀምሩባት ደግሞ ኮማ አትርሱ።

ስትጽፏት ኤል ሁለት ናቸው፤ አንዱ የ«አክቹዋል»፣ ሌላው የ«ሊ»። አንዱን የሚበላ ብዙ ነው።

እስካሁን ስከለክል ብቻ ስለቆየሁ፣ ቃሏ እጅግ የምታምርበትን አንድ ቦታ ልጨምር። ሐሳብ ስትቀይሩና እንቢ ስትሉ። ካፌ ገብታችሁ «ቲ፣ ፕሊስ… አክቹዋሊ፣ ኮፊ» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም፤ «ሻይ… ኧረ አይ፣ ቡና ይሁንልኝ» ማለት ነው። ረቡዕ ቀን የቢሮ ሰው ዶሮ ሳንድዊች ገዝቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢያስቀምጥላችሁስ? «ኖ» ብቻ ካላችሁ ይደነግጣል። «አክቹዋሊ፣ አይም ፋስቲንግ ቱዴይ» በሉት። ትበላላችሁ ብሎ ገምቶ ነበር፤ እናንተ ደግሞ ጾመኛ ናችሁ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ሳንድዊቹን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።