ካካዎውን በትኩስ ቅቤ አማስሉት
የቸኮሌት ኩኪሳችሁ መልኩ ጠቁሮ ጣዕሙ ግን ከሳሳ፣ የካካዎ ዱቄቱን ከፉርኖ ዱቄቱ ጋር አትቀላቅሉት። 115 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጡና ገና ትኩስ እያለ 40 ግራም ካካዎ ነፍታችሁ ጨምሩበት፤ የተጓጎለው ሁሉ ተበትኖ እስኪያብረቀርቅ አማስሉት። ለካካዎ መዓዛ ከሚሰጡት ነገሮች ብዙዎቹ በስብ ስለሚሟሟ፣ ትኩሱ ቅቤ ጣዕሙን አውጥቶ በሊጡ ሁሉ ያዳርሰዋል። ቁንጥር ጨውም አይቅር፣ ቸኮሌቱን በጣም ያጎላዋል። እንቁላሉን ለመጨመር ግን ድብልቁ ለብ እስኪል ታገሱ፤ አለዚያ እዚያው ይበስላል። የቀለጠ ቅቤ ሊጡን ስለሚያላላው ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ አቆዩት፤ ይህን ከዘለላችሁ ትሪው ላይ ተዘርግቶ ይሳሳል። ቅቤና ስኳር አብረው እስኪነጡ ተመትተው ለሚሠራ፣ ከፍ ብሎ ለሚነፋ ኩኪስ ዘዴው አይሆንም፤ የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም።