የእምቦጩ ምዕራፍ እንዴት ተስተካከለ

ለ10 ዓመት ልጆች በሚዘጋጅ መጽሐፍ ላይ አርትዖት እየሠራሁ ነበር። አንዱ ምዕራፍ ስለ ጣና እምቦጭ ነው። መረጃው ትክክል ነው። ግን ልጆቹ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ያዛጋሉ። መክፈቻው «ወራሪ አረም በሥነ ምህዳር ላይ የሚያደርሰው አሉታዊ ተፅዕኖ» ይላል። የሪፖርት ቋንቋ ነው፤ ልጅ ምን ያድርገው?

ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። መጀመሪያ ተክሉ ራሱ መጣ። የቅጠሉ አገዳ ሲቆረጥ ውስጡ ልክ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው፤ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ውሃውን ሸፍኖ ብርሃን እንደሚከለክል፣ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ መንገድ እንደሚዘጋ የነገርናቸው ከዚህ በኋላ ነው።

መጨረሻው «ልጆች፣ ጣናን አድኑ!» ይል ነበር። አወጣሁት። ይህን ሸክም ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፤ በዚህ አልደራደርም። በምትኩ ገበሬዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አሳየን። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ እንደገና እንደሚበቅልም ጻፍን።

አሁን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ፦ «ከተነቀለ በኋላስ የት ይጣላል?» ለእሱ አንድ ገጽ ጨምረናል።