ከሚበልጥህ ሰው ጋር ስፓር ስትገባ

ጠዋት ጠዋት ታቦር ተራራን ወጥተህ ወርደህ፣ ባግ (የሚደበደበው ከረጢት) ላይ እጅህ ፈጣን ነው ተብለህ፣ ስድስት ሰባት ወር ሰርተህ ሰርተህ ከዛ አንድ ቀን ኮች ‹‹ቅዳሜ ከእሱ ጋር ስፓር ታደርጋለህ›› ብሎ፣ ማለትም የቦክስ የልምምድ ግጥሚያ፣ ስንት ዓመት ሪንግ ውስጥ የቆየ ሰው ሲያሳይህ ሆድህ ይገላበጣል። ሁሉም ሰው ጋር ያለ ነገር ነው አትፈርበት። እኔ እዚሁ ሀዋሳ ነው ቦክስ የጀመርኩት፣ ይሄን የምጽፈው ለዛች ቅዳሜ ነው፣ አንተ እያልኩ ብጽፍም ለሴቶቹም ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገርህ። ሰውየው በእድሜም በልምድም በጣም ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነበር የምንለው። ግላቭ ተነካክተን ጀመርን፣ የመጀመሪያውን ደቂቃ ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚወረወረውን ቡጢ) ብቻ ነው ያቀመሰኝ ያውም ቀለል አድርጎ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። እኔ ግን አንዷ አፍንጫዬ ላይ አርፋ ዳር የቆሙት ልጆች ‹‹ኡ!›› ሲሉ ደሜ ፈላ፣ ባለኝ ኃይል ቀኝ ለቀቅኩበት፣ አገጩን ጨረፍኩት። መልሱን አላየሁትም። ግራ እጁ ከታች መጥቶ ከቀኝ ጎድኔ ስር ገባ፣ ጉበቴ ላይ። የጉበት ምት ደግሞ ወዲያው አያምም፣ አንድ ሰከንድ ያህል ደህና ነኝ ትላለህ፣ ከዛ ትንፋሽ የሚባል ነገር ይጠፋና ጉልበትህ በራሱ ይታጠፋል፣ ጭንቅላትህ ንጹህ ነው የሚባለውን ሁሉ ትሰማለህ ግን መነሳት የለም። አጠገቤ በርከክ ብሎ ግላቩን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ‹‹ስማ ወንድሜ፣ ዋጋውን ያስወደድከው አንተ ነህ›› አለኝ።

እስከዛሬ ስለ ስፓሪንግ የሰማሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጨዋ የሆነ ልምድ ያለው ቦክሰኛ የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ፣ ቀስ ካልክ ቀስ ይላል፣ ካከረርክ ያከራል፣ እና ሲከር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ሪንግ ከመግባትህ በፊት አፍ አውጥተህ አናግረው። ‹‹ጋሼ ዛሬ ጃብ መከላከል ላይ ነው የምሰራው፣ ቀለል አድርገን እንስራ›› በለው፣ በቃ። ብዙ ልጆች እንዲህ ማለት ፈሪ የሚያስብል ይመስላቸዋል። ተሳስተዋል፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያገኙ ደስ ነው የሚላቸው፣ ምን እንደፈለግክ ካወቁ ያንኑ እየደጋገሙ ይሰጡሃል።

መቼ ነው ስፓር የሚገባው ለሚለው የኔ መለኪያ ቀላል ነው፣ ባግ ላይ 3 ራውንድ ሰርተህ በሶስተኛው ራውንድ መጨረሻ እጅህ ከአገጭህ ካልወረደ ትችላለህ፣ ከወረደ ትንሽ ቆይ። ራውንዱ 3 ደቂቃ ነው እረፍቱ 1 ደቂቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን 2 ደቂቃ ይበቃል፣ ኮችህን ጠይቀው።

እቃ ላይ አትቆጥብ። ግላቭህ 16 አውንስ ይሁን፣ የውድድሩ 10 ወይ 12 አውንስ ስለሆነ ለስፓር አይሆንም፣ ስስ ነው። የእጅ ፋሻህን በደንብ ጠምጥም። የጥርስ መከላከያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ ነክሰህ በጥርስህ ቅርጽ የምታወጣው ዓይነት ይሁን፣ የጓደኛህን ተውሰህ እንዳትገባ። የብልት መከላከያም ሳትረሳ። ሄድጌር (የጭንቅላት መከላከያ) አድርግ ግን አትመካበት፣ ከመሰንጠቅና ከማበጥ ያድንሃል እንጂ አንጎልህ ውስጥ የሚፈጠረውን መናወጥ አያስቀርም። አዋቂ ወንዶች በአማተር ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ ሄድጌር ነው የሚጋጠሙት፣ የ2016ቱ ሪዮ ኦሎምፒክም እንደዛው ነበር፣ ያ ግን የውድድር ነው፣ ልምምድ ላይ አድርገው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ከመሐመድ አሊ ጋር ሊጋጠም ቀናት ሲቀሩት ስፓር ላይ የተለማማጁ ክርን ቅንድቡን ሰንጥቆት ግጥሚያው ከመስከረም መጨረሻ ወደ ጥቅምት መጨረሻ ተገፋ። የዓለም ሻምፒዮን ላይ የደረሰ ነው እንግዲህ።

አሁን ሪንግ ውስጥ ገብተሃል። ለእያንዳንዱ ራውንድ አንድ ስራ ብቻ ያዝ፣ አንድ። የመጀመሪያው ራውንድ ማየት ይሁን። አይንህን ደረቱ ላይ አድርግ፣ ግላቩን ካየህ ያታልልሃል አይኑን ካየህ ያስፈራራሃል፣ ደረቱንና ትከሻውን ካየህ ግን ቡጢው ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ይታወቅሃል። ጃብ በቀኝ መዳፍህ እየተቀበልክ ዙር፣ አልፎ አልፎ ጃብ ወርውር፣ ደረቱ ላይም ቢሆን ይሁን፣ ዋናው እጅህ ወጥታ ወደ አገጭህ መመለሷ ነው። በሁለተኛው ራውንድ ጃብ ወርውረህ ከቦታህ መውጣት ላይ ስራ። ወርውሮ ቆሞ ማየት ነው የጀማሪ ትልቁ በሽታ፣ ምቴ ገባ አልገባ ብለህ ስትመለከት እሱ ሁለት ጊዜ መትቶህ ሄዷል።

ሲመጣብህ በቀጥታ ወደኋላ አትሽሽ፣ ሁለት እርምጃ ካፈገፈግክ ገመዱ ጀርባህ ላይ ነው፣ ሰውየው የሚፈልገውም እሱን ነው። አንድ እርምጃ ወደኋላ ከዛ ወደ ጎን። ረጅም ከሆነ ደግሞ የእጁ ጫፍ ላይ አትቁም፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ራቅ ወይ ገብተህ ተጠጋ፣ መሀሏ ላይ ነው የምትደበደበው። ግራኝ ከገጠመህ የግራ እግርህን ከሱ የፊት እግር ውጭ አድርገህ ለማቆም ታገል፣ ሌላውን ቀስ ብለህ ትማረዋለህ።

አይን መጨፈን የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔን ወራት የፈጀብኝ እሱ ነው። ቡጢ ሲመጣ አይን ይጨፈናል፣ ተፈጥሮ ነው፣ እና የተጨፈነ አይን ሁለተኛዋን ቡጢ አያያትም። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፣ ጓደኛህ ፊት ለፊትህ ቆሞ በጣም ቀስ ብሎ ጃብ ግንባርህ ላይ ያሳርፍ፣ በግላቭ፣ ነካ ብቻ፣ አንተ ጋርድህን ይዘህ (እጆችህ አገጭህ ጋ) አይንህን ገልጠህ ‹‹ስስ›› እያልክ በጥርስህ መሀል ተንፍስ። 20 ጊዜ። ከዛ ትንሽ ፈጠን ያድርግ። በየቀኑ ገመድ ከዘለልክ በኋላ ይቺን ከሰራህ ወር ሳይሞላህ ለውጡ ይታይሃል። ትንፋሹም ትልቅ ነገር ነው፣ ጀማሪ በአንድ ራውንድ የሚደክመው ሮጦ ስላልጠነከረ ብቻ አይደለም ትንፋሹን ይዞ ትከሻውን ጨብጦ ስለሚሰራ ነው። ቡጢ ስትወረውርም ሲያርፍብህም ተንፍስ።

አሁን በጣም ከልቤ የምጽፈው ክፍል ነው። ራስህን ካመመህ፣ ካቅለሸለሸህ፣ አይንህ ከደበዘዘ፣ ወይ ሶስተኛውን ራውንድ እንዴት እንደጨረስክ ካላስታወስክ የዛን ቀን ቦክስ አልቋል። ለኮች ንገር፣ ብቻህን ባጃጅ ይዘህ ወደ ቤት አትሂድ፣ ሰው አብሮህ ይሁን፣ ከባሰብህ ሐኪም ቤት። በአማተር ቦክስ በጭንቅላት ምት ኖክአውት የሆነ (ተመትቶ መቀጠል ያቃተው) ሰው ቢያንስ 30 ቀን ውድድርም ስፓርም አይገባም፣ ዝም ብሎ የወጣ ህግ አይደለም፣ የመጀመሪያው መናወጥ ሳይድን ሁለተኛ ምት ከተጨመረ ሰው ሊሞት ይችላል። ጓደኛዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ራሱን እያመመው ወንድነት መስሎት ደብቆ ገባ፣ ከዛ በኋላ ለወራት መብራት ማየት ይከብደው ነበር። ወንድነት አይደለም ይሄ፣ እባካችሁ።

ሌላው፣ ቀስ እያልክም አውቆ የሚደበድብህ ሰው ይኖራል፣ ጥቂት ናቸው ግን አሉ። አንዴ ንገረው፣ ካልሰማ ግላቭህን አንስተህ ‹‹በቃኝ›› በልና ውጣ፣ ለኮችህም ምክንያቱን ንገረው። ኮችህ ይሄን አይቶ የሚስቅ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ።

በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ስፓር ይበቃል፣ በየቀኑ የሚገባ ልጅ መደብደብ እንጂ መማር አያተርፍም። ደግሞ ሁሌ ከዛ ሰው በታች ሆኜ እቀራለሁ ብለህ አታስብ፣ ላሪ ሆምስ የአሊ የስፓር ተለማማጅ ነበር፣ ስንት ራውንድ አብሮት ሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ላስ ቬጋስ ላይ አሊን አሸነፈው፣ የአሊ ኮርነር (ማዕዘኑ ላይ ያሉት የራሱ ሰዎች) ከ10ኛው ራውንድ በኋላ ግጥሚያውን አስቆመው።

ስትጨርስ ግላቭህን ሳታወልቅ ሄደህ አመስግነውና አንድ ጥያቄ ጠይቀው፣ ‹‹ምኔን አይተህ ነው የምትመታኝ?›› በለው። ‹‹እንዴት ነበርኩ›› ካልከው ጎበዝ ነህ ይልሃል ያ አይጠቅምህም። እኔ ከወደቅኩ በሳምንቱ ጋሼን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ እየበላን ጠየቅኩት፣ ዳጣውን እያጠቀሰ ‹‹ቀኝህን ልትለቅ ስትል ክርንህ ከጎንህ ይለያል፣ ጉበትህን ከፍተህ ትሰጠኛለህ›› አለኝ። ሁለት ሳምንት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ክርኔ ስር ፎጣ ይዤ፣ ፎጣው ሳይወድቅ ቀኝ ስወረውር ከረምኩ።