የሃንጋሪዋ ፔስት ካውንቲ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቡዳፔስት የፔስት ካውንቲ ከተማ ናት» ማለት። ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያትም አለው። ካውንቲው ዋና ከተማዋን ዙሪያዋን ከቧታል፤ ምክር ቤቱም የሚቀመጠው እዚያው ቡዳፔስት ነው። በሕግ ግን ቡዳፔስት ከሃንጋሪ 19 ካውንቲዎች (የአስተዳደር ክፍሎች) የአንዳቸውም አካል አይደለችም። ፔስት የሚተዳደረው ከራሱ ወሰን ውጭ ባለ መቀመጫ ነው።

ሁለቱን ደምሮ ማስላት። ይሄኛው ገንዘብ ያስቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ከፍተኛውን የልማት ድጋፍ የሚሰጠው የነፍስ ወከፍ ምርታቸው ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ በታች ለሆኑ አካባቢዎች ነው። ፔስት ከቡዳፔስት ጋር እንደ አንድ አካባቢ ሲቆጠር የዋና ከተማዋ ሀብት አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተው ነበር። በዚህ የተነሳ ያ ሀብት ያልደረሳቸው የካውንቲው መንደሮች ከድጋፉ ውጭ ሆነው ቆዩ። ከ2018 ወዲህ ሁለቱ በስታቲስቲክስ ለየብቻ ተቆጥረዋል፤ በእኔ እምነት ብዙ የዘገየ ፍትሕ ነው። «ማዕከላዊ ሃንጋሪ» የሚል አሃዝ ሲያገኙ ቡዳፔስትም እንዳለችበት አይርሱ።

ወረዳን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት። የቡዳፔስት 23 ወረዳዎች ሕዝብ የመረጣቸው ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው። በ2013 የተዋቀሩት የፔስት 18 ወረዳዎች ግን የመንግሥት ጽሕፈት ቤት እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። ድምፅ የሚሰጠው ለከተማው ወይም ለመንደሩ አስተዳደርና ለካውንቲው ምክር ቤት ነው። አቤቱታ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ካላወቀ የማይመለከተው በር ላይ ይቆማል።

«ፔስት ሜዳ ነው» ማለት። ሜዳው ከዳኑብ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለው፣ እሱም ፔስት የሚባለው የቡዳፔስት ክፍል ነው። ካውንቲው ግን በወንዙ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ የሴንቴንድሬ፣ የቪሼግራድና የኤርድ ከተሞች በምዕራቡ በኩል ናቸው። በሰሜን የበርዠን ተራሮች 938 ሜትር ይደርሳሉ። የኤስቴርጎም ከተማ ደግሞ ለቪሼግራድ ብትቀርብም ያለችው በጎረቤት ካውንቲ ውስጥ ነው።

የድሮውን ወሰን ከዛሬው ማምታታት። ከ1950 በፊት ካውንቲው ወደ ደቡብ በጣም ሰፊ ነበር፤ የኬችኬሜት ከተማም እዚያው ነበረች። በዚያው ዓመት ኡይፔስት፣ ኪሽፔስት፣ ቼፔልና ሌሎችም፣ በጠቅላላው 23 ከተሞችና መንደሮች፣ ወደ ቡዳፔስት ተጠቃለሉ። የድሮ የልደት ወይም የመሬት መዝገብ የሚፈልግ ሰው ቦታው ያኔ በማን ሥር እንደነበረ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።