ኩላሊት ውስጥ ሲደማ፦ ከደንገጎ ዳገት በፊት የሚሠራው

ባጃጅ ተገልብጦበት ወይም ከከፍታ ወድቆ ጎኑን የተመታ ሰው ድሬዳዋ ካለ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ አስታማሚውም ባለሙያውም ዓይናቸው የሽንቱ ቀለም ላይ ያርፋል። ቀለሙ ግን ምን ያህል እንደደማ አይናገርም። ትንሽ ደም ብዙ ሽንት ያቀላል፤ የኩላሊቱ ዋና ደም ሥር የተበጠሰበት ሰው ደግሞ ሽንቱ ጠርቶ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የልብ ምት ቁጠሩ። አዋቂ ላይ በደቂቃ ከ100 ካለፈ፣ የላይኛው ግፊት ከ90 ከወረደ፣ ጎኑ ካበጠ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ ደሙ ኩላሊቱ ዙሪያ እየተጠራቀመ ነው ብላችሁ ተነሡ። በድሬ ሙቀት እጁ የቀዘቀዘ ቁስለኛ አስቸኳይ ነው። ልጆች ላይ ግፊት የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነውና ደህና ግፊት አያዘናጋችሁ።

በሁለቱም ክንድ ወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር የመድኃኒት ቱቦ)፣ 16 ወይም 18 ቁጥር፣ አስገቡ። በዚያው ለሂሞግሎቢን (የደም መጠን መለኪያ)፣ ለክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)ና ለደም ዓይነት ናሙና ውሰዱ። ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን 250 ሚሊ ሊትር ሰጥታችሁ እንደገና ለኩ፤ ጭንቅላቱ ካልተጎዳ የላይኛው ግፊት ከ80 እስከ 90 ቢሆን ለጊዜው ይበቃል። ፈሳሽ ማብዛት ደሙን ያቀጥናል፣ የረጋውንም ያላቅቃል። የጎደለው ደም ነውና የሚተካውም በደም ነው። ከአደጋው 3 ሰዓት ካላለፈና ምቱ ከፈጠነ ደም የረጋበት እንዳይሟሟ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ይሰጥ። ቀይ ሽንት ለማጥራት ብቻ ግን አትስጡት፤ የረጋው ደም ጠንክሮ የሽንት ቱቦውን ይደፍናል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም ትራማዶል። ጎን ያመመውን ሁሉ የኩላሊት ጠጠር ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ መውጋት እዚህ ላይ አደገኛ ነው፦ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ደም ያነሰውን ኩላሊትም ይጎዳል።

ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቱቦ) ከማስገባታችሁ በፊት የሽንት ቀዳዳውን እዩ። ደም ካለበት አታስገቡ፤ የሽንት መውጫው ተቀዶ ይሆናል። የረጋ ደም ሽንት ከዘጋ ባለሦስት መንገድ ካቴተር፣ 22 ወይም 24 ቁጥር፣ አስገብታችሁ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የረጋውን ሳቡ። መውጫው ተዘግቶ ሳለ የማጠቢያ ሳላይን መክፈት ፊኛ ያፈነዳል።

የደማው አደጋ ሳይኖር ከሆነ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ፤ የኩላሊት እጢንም አትርሱ። እንደ ትል የረዘመ የረጋ ደም ከላይ፣ ከኩላሊት ቱቦ የመጣ ነው። ከመካከለኛው አዋሽ ቆላ የመጣ ሰው ሽንቱ ማብቂያ ላይ ብቻ ከደማ ቢልሃርዝያ (ከወንዝና ከኩሬ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) አስቡ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና ቀይ ሥርም ሽንት ያቀላሉ፤ በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሴል ካልታየ ደም አይደለም።

አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው ማለት አልደማም ማለት አይደለም፤ ከሆድ ዕቃ ጀርባ ያለው ደም ያመልጠዋል። የሚለየው በመርፌ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላም ይደገም፣ የሽንት መፍሰስ የሚታየው ያኔ ነው። ሽንቱ በዓይን ከቀላ ወይም ግፊቱ ከ90 ወርዶ ከነበረ ያስፈልገዋል።

ወደ ሐረር፣ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የምትልኩ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ደምና ሲቲ ዝግጁ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ ካኑላ ማስገባት ጭንቅ ነው፤ ሁለቱም መስመር እየሠራ፣ በፕላስተር ታስሮ፣ ነርስ አብሮ ይውጣ። ምቱ በየ15 ደቂቃው ይቆጠር።

ምቱና ግፊቱ የተረጋጋ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። አልጋ ላይ ይተኛ፣ ሂሞግሎቢን በየ6 ሰዓቱ ይታይ፤ የመጀመሪያው ውጤት ገና ስላልወረደ ያታልላል። በየጊዜው ከሚሸናው ጥቂት ውስጡን በሚያሳይ ብልቃጥ እየያዛችሁ፣ ሰዓቱን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ መስኮት ላይ በተርታ አቁሙ፤ እየጠራ ወይም እየጨለመ መሄዱ በአንድ እይታ ይለያል። ምቱ እየፈጠነ፣ ደም እየተሰጠው ሂሞግሎቢኑ ከወረደ ግን ወዲያው ቀዶ ሐኪም ይጠራ።

ሽንቱ በዓይን እስኪጠራ አይነሣ። ወደ ቤት ሲሄድ ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ፣ በሚቀጥሉት 3 ሳምንታት ሽንቱ ዳግም ከቀላ በሌሊትም ቢሆን እንዲመለስ ለቤተሰቡም ንገሩ። የተጎዳ ኩላሊት የደም ግፊት ሊያስነሣ ስለሚችል ግፊቱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይለካ።