የእቁቡን ድምር ማን ይንካው? ፊልድና ፕራይቬት በክላስ ውስጥ

ለእናቴ የሰፈር እቁብ በጃቫ ፕሮግራም የጻፍኩላት ገና ቋንቋውን እየተማርኩ ሳለ ነው። 24 እቁብተኞች በየእሁዱ 500 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት 12,000 ብር ይወስዳል። «እቁብ» የሚል ክላስ፣ ማለትም እቁቦች የሚፈጠሩበትን ንድፍ፣ ጽፌ ሁለት ፊልድ (ዋጋ መያዣ) ሰጠሁት፤ የሳምንቱን ክፍያዎች ዝርዝርና ድምሩን። ሁለቱንም ፐብሊክ፣ ማለትም ከየትኛውም የኮዱ ክፍል የሚነኩ፣ አደረግኳቸው። አንድ እሁድ የጸሐፊዋ ደብተር 12,000 ሲል የኔ ስክሪን 11,500 አለ። ብሩ ሙሉ ነበር። የአንዲት እቁብተኛ ክፍያ በስሕተት ሁለቴ ተመዝግቦ ኖሮ፣ ለማረም ሲባል የ«ሰርዝ» ቁልፍ ሁለቴ ተጫነ፤ ቁልፉም ዝርዝሩን ሳያይ ሁለት ጊዜ ከድምሩ ላይ 500 ቀነሰ። እናቴ ያን ዕለት በጎረቤቶቿ ፊት የተሳቀቀችው ዛሬም ይታየኛል።

ፊልድ ማለት እያንዳንዱ ኦብጀክት (ከክላሱ የተፈጠረ አንድ ነገር) ለራሱ የሚይዘው ዋጋ ነው። የእናቴ እቁብና የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ከአንድ ክላስ ቢፈጠሩም ድምራቸው ለየብቻ ነው። ዋጋ ሳትሰጡት ለተዋችሁት ፊልድ ጃቫ ቁጥር ከሆነ 0፣ ዝርዝር ከሆነ ነል (ገና ምንም ዝርዝር የለም ማለት ነው) ይሰጠዋል። ነል ላይ ክፍያ ልጨምር ካላችሁ ፕሮግራሙ ስሕተት ጥሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ ፍጠሩት።

አሁን ከፊልዶቹ ፊት ያለውን ፐብሊክ በፕራይቬት (ከክላሱ ውስጥ ብቻ የሚነካ) ተኩና ኮምፓይል አድርጉ፤ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም አስቀይሩ። ከክላሱ ውጭ ሆኖ ፊልዱን የሚነካ መስመር ሁሉ ስሕተት ሆኖ ይወጣል። እኔ ዘንድ ሰባት ወጡ፤ ሁለቱን መጻፌንም ረስቼው ነበር። እያንዳንዱን መስመር ምን ፈልጎ እንደገባ ጠይቁት። ክፍያ ሊመዘግብ ከሆነ «መዝግብ»፣ ሊሰርዝ ከሆነ «ሰርዝ» የሚል ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ክላሱ ውስጥ ጻፉለት። የኔ «ሰርዝ» የክፍያውን ቁጥር ይቀበላል፤ በዚያ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ክፍያ ከሌለ ምንም አይነካም፤ ካለ ዝርዝሩንም ድምሩንም አንድ ላይ ያስተካክላል። ቁልፉ አሥር ጊዜ ቢጫን የሚቀነሰው አንዴ ብቻ ነው።

ኤዲተሩ ለሁሉም ፊልድ ጌተርና ሴተር (ዋጋውን የሚመልስና ዋጋውን የሚለውጥ ሜተድ) ልጻፍላችሁ ሲል እሺ አትበሉት። ለድምሩ ሴተር መጻፍ በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው። ጌተርም ቢሆን ዝርዝሩን እንዳለ ከመለሰ ተቀባዩ ከውጭ ሆኖ ሊጨምርበት ይችላል፤ ቅጂውን መልሱለት። ከጃቫ 10 ጀምሮ «ሊስት ኮፒኦፍ» (List.copyOf) ይህን ይሠራል።

ቆይቶ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ገባኝ፤ የድምሩ ፊልድ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ክፍያዎቹ ካሉ ድምሩ በተጠየቀ ቁጥር ይሰላል፤ 24 ቁጥር መደመር ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። ፊልዱን አጠፋሁት። ፕራይቬት ከማድረጋችሁ በፊት ፊልዱ መኖር እንዳለበት አስቡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በጃቫ ፕራይቬት የሚከለክለው ሌላ ክላስን እንጂ ሌላ ኦብጀክትን አይደለም። የእናቴ እቁብ ሜተድ የመሥሪያ ቤቱን እቁብ ፕራይቬት ፊልድ ማንበብ ይችላል፤ ሁለቱን ለማወዳደር ይጠቅማል። የይለፍ ቃል መደበቂያ ግን አታድርጉት፤ ሥራው ኮዱን ከራሳችን ስሕተት መጠበቅ ነው።

በፓይተን የምትጽፉ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥብቅ ክልከላ አታገኙም። በአንድ አንደርስኮር (_) የሚጀምር ስም «ከውጭ አትንካኝ» የሚል ስምምነት ብቻ ነው። በሁለት ከጀመረ ፓይተን ስሙን ይለውጠዋል። ፓይተን 3 የአማርኛ ፊደል ስለሚቀበል ራሳችሁ ሞክሩት፦ «እቁብ» በሚል ክላስ ውስጥ «__ድምር» ብላችሁ የጻፋችሁት ከውጭ «_እቁብ__ድምር» ሆኖ ይገኛል። ዝርዝሩን ግን ከኢኒት ሜተድ (__init__፣ ኦብጀክቱ ሲፈጠር ከሚሠራው) ውጭ፣ በክላሱ አካል ላይ በቀጥታ አትፍጠሩት፤ እዚያ ከተፈጠረ አንድ ዝርዝር ለሁሉም ኦብጀክቶች የጋራ ይሆንና የመሥሪያ ቤቱ ክፍያ የእናቴ እቁብ ውስጥ ይገባል።